ና በጉም ያልኩት

ቦንጋ፣ መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

በአቴና ከተማ ለሚኖሩት ለአክስቴ ለእትዬ አሰለፈች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ጌታ በሰው አገር ጥላ ይሁንዎት። እኔም እናቴም በሕይወት አለን። ዝናቡ መስከረም መግባቱን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም፤ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ ጉሙ ከፊቴ ያለውን ሰው ውጦ የሰውየውን ሳል ብቻ ያስቀርልኛል።

የላኩልኝ የቤዝ ጊታር ክሮች አራቱም ደርሰውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጊታሩ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ፣ ባለ ስድስት ክሩን ብቻ የሚያውቀው ሰፈር ሁሉ «ሁለት ክር ፖስታ ቤት ተሰርቆበታል» ብሎ አዝኖልኝ እንደነበር ጽፌልዎታለሁ? አሁንም እናቴ ለእንግዳ ስታሳይ «አራት ብቻ ነው ያለው፣ ግን ይሠራል» ትላለች።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንገርዎት። ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተውና ገበያው አጠገብ ካሴት ቤት ያለው ሳሙኤል አራት ዘፈኖቼን ቀዳልኝ። መዝሙር አይደሉም፣ የሰርግ ዘፈንም አይደሉም። ምን እንደሆኑ እኔም አላውቅም። ቤዙ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ድምፄ ከኋላው ይከተላል፣ ሳሙኤል አልፎ አልፎ በኪቦርዱ ይነካካዋል። የሰማ ሁሉ «እንቅልፍና ንቃት መሐል ያለሁ መሰለኝ» ይለኛል። ከጅማ የሚመጡ የሚኒባስ ሾፌሮች እንኳ እየገዙት ነው።

በጣም የተወደደው «ና በጉም» የሚለው ነው። እንዲህ ይላል፦

ና በጉም፣ ና በዝግታ፣
ኮቴህን ማንም ሳይሰማ፤
በሬ አይዘጋም ዛሬ ማታ፣
አትለፈኝ በጨለማ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» እያሉ ያፋጥጡኛል። የምጠራው እንቅልፍን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴን እንቅልፍ ጥሏት ሄዷል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታድር አጠገቧ ሆኜ ነው ያወጣሁት። መብራት በሌለ ጊዜ የቤዙን እንጨት አገጬ ላይ አስደግፌ እጫወታለሁ፤ ሌላ ሰው ምንም አይሰማም፣ ለእኔ ግን በጥርሴ በኩል ይገባኛል። ያን ጊዜ እናቴ «በይ እንደሱ አታጉረምርሚ፣ ግጥሙን በይው» ትለኛለች፤ እላታለሁ።

አንድ አቶ ጣሰው የሚባሉ የቢታ ገነት የቡና ነጋዴ ካሴቱን ካንድም አምስት ገዙ ብሎ ሳሙኤል ሲስቅ ነበር። አንዱን ለእርስዎ ልኬዋለሁ። ሲመችዎት ወፍራሙን ክር ብቻ ቢልኩልኝ፤ እሱ ቶሎ ይደክማል።

የምትናፍቅዎት ልጅዎ ዕፀገነት

*

አቴና፣ ጥቅምት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለገኒ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እናትሽን የሺሃረግን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አንዱን ደግመሽ ሳሚልኝ። እኔ ጤና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ነው፣ እሱም የማስታምማቸውን አሮጊት ሳነሳ ሳስተኛ ነው። እመቤቴ ኪሪያ ኤሌኒ አሁን ከአልጋ መውረድ ትተዋል።

ካሴትሽን በእሳቸው ቴፕ ሰማሁት። መጀመሪያ ያለቀስኩትን አልነግርሽም። ኪሪያ ኤሌኒ ጆሯቸው ደክሟል፤ ግን ቴፑን አልጋው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጠው እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉና «ይሄ የልጄ ጊታር ነው» አሉ። ልጃቸው ያን የላክሁልሽን ቤዝ ጥሎ በመርከብ የሄደ ጊዜ አንቺ ገና አልተወለድሽም። እንዴት እንዳወቁት እንጃ። «ማናት?» አሉኝ። «የእህቴ ልጅ፣ አስተማሪ ናት» አልኳቸው። «አስተማሪ አይደለችም» አሉ።

እንግዲህ ኩሪ። ግን ልጄ፣ ስለዚያ አምስት ካሴት ስለገዛው ሰው ትንሽ ጻፊልኝ። ስንት ዓመቱ ነው? ሚስት አለው? አምስት ምን ያደርግለታል? ዘመድ ለሌለው ሰው አምስት ብዙ ነው። አክስትሽ ነገር ታበዛለች በይኝና ሳቂብኝ፤ ግን ጻፊልኝ።

ወፍራሙን ክር ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ጉሮሮሽን ከብርድ ጠብቂ።

አክስትሽ አሰለፈች

*

ቦንጋ፣ ኅዳር 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ያለሁበት ድረስ ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ የእኔም ባሕር ተሻግሮ ይድረስዎ። ክሩን አግኝቻለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የተማሪዎች ፈተና ነበር።

ስለ አቶ ጣሰው ጠይቀውኛል። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሚስታቸው ሞታለች። የታወቁ ሰው ናቸው፤ ቢታ ገነት መጋዘን፣ እዚህ ደግሞ ቤትና መኪና አላቸው። ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት መጡና በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው «ጥሪሽ ደርሶኛል» አሉኝ። የወላጆች ስብሰባ ጥሪ መስሎኝ «ልጅ አለዎት እንዴ እዚህ?» አልኳቸው። ሳቁ። «በካሴቱ የላክሽውን ነው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊታቸውን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

«ጋሽ ጣሰው፣ እሱ ዘፈን ስለ እንቅልፍ ነው። ለእናቴ ነው ያወጣሁት» አልኳቸው።

ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «እሱን ለሌላው ሰው ንገሪው። እኔ ገብቶኛል» አሉኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩ። እናቴ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ ብቻዋን እኔን ማሳደግ አድክሟታል። አልፈልግም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲነግሯቸው አልተቆጡም አሉ። «ታፍራለች፣ ጊዜ ስጧት። በዘፈኗ ያለችውን በአፏ ማለት ከብዷት ነው» አሉ አሉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናቸው ቆሞ ይጠብቀኛል። በጉሙ ውስጥ መብራቱ አይበራም። የማውቀው በድምፁ ነው፤ የራሴ ድምፅ ከመኪናው ውስጥ ይሰማኛል። ያችኑ አንዷን ዘፈን። ስታልቅ ካሴቱ ሲጠነጠን እሰማለሁ፣ እንደገና ትጀምራለች። ሰውየው አይወርዱም፣ አይጠሩኝም። አልፌያቸው እሄዳለሁ። እየሄድኩ ቤዙ ከኋላዬ ይከተለኛል። የተጫወትኩት እኔ ነኝ፣ ግን እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ባለፈው እሑድ ማለዳ በራችን ላይ የጫማ ዱካ አገኘሁ። ከመንገዱ መጥቶ በሩ ጋ ቆሞ ተመልሷል። እናቴን «የሰማሽው ነገር አለ?» አልኳት። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነበር። «ምንም ኮቴ አልሰማሁም» አለችኝ።

ይኸው ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያን እጫወታለሁ። አንድ ነገር ላስቸግርዎት፤ ከዚያ አገር ጠንካራ ጓጉንቸር ቢገኝ ይላኩልኝ። ለትምህርት ቤቱ ሣጥን ነው።

ልጅዎ ዕፀገነት

*

አቴና፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ገኒዬ፣

የአባቶችሽ አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ። ሌላ ሰላምታ ዛሬ አይወጣልኝም።

ለትምህርት ቤት ሣጥን ጓጉንቸር ከአቴና አይመጣም፣ ልጄ። ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ በር አድርጊው፤ ማጠፊያውንም በወፍራም ምስማር አስመቺው።

አሁን እናትሽ የምታውቀውን፣ እኔና እሷ ግን አንስተነው የማናውቀውን ነገር ልንገርሽ። እኔ ደካ የሚባለው አገር አግብቼ፣ ሳይሆንልኝ ቀርቶ፣ ከዚያ ወደዚህ እንደመጣሁ ነው የሰማሽው። አላገባሁም። ተጠልፌ ነው የተወሰድኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አስደንግጦኝ አያውቅም፤ ገበያ ላይ ባየኝ ቁጥር ዓይኑን ይሰብር ነበር። ጨዋ ነው ይሉታል። ሁለት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ስለዚያ ሁለት ዓመት የምነግርሽ የለም።

የምነግርሽ ስለ ቀኑ ነው። ከቤት የጠራኝ ወንድ አይደለም። የጠራችኝ ጓደኛዬ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አብሬያት የምውል ልጅ። በሚያስደስተኝ ነገር ነው የጠራችኝ። እኔ የሹሩባ ነገር እወድ ነበር፤ «አዲስ ሠሪ መጥታለች፣ ነይ» አለችኝ። የገበያ ቀን ነበር፣ ቤት ሰው የለም። አስተውይ። የምታምኛት ሴት በምትወጂው ነገር ስትጠራሽ ከቤት አትውጪ።

ከያዙሽ ደግሞ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ይህን አስቢ። መንገድ ላይ አንድ ቦታ መቆማቸው አይቀርም። ወንዝ ይሆናል፣ ከብት ይሆናል። ያን ጊዜ እግርሽን አታማክሪው። ዝለይና ሩጪ። ጫማ አትፈልጊ። ዕቃ አትፈልጊ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ዛሬውኑ አመልክቺ። «ምን አደረገሽ?» ይሉሻል። «ምንም» በይ፣ ግን አስመዝግቢ። ለርዕሰ መምህርሽም ንገሪ። አትፈሪ አልልሽም፤ ፍሪ። የማትፈሪ ከሆነ ነው እኔ የምሞተው።

ዘፈኑን አታቁሚ ልልሽ ነበር ብዕር ያነሣሁት። አሁን ግን አቁሚው እልሻለሁ። ሳሙኤልም ካሴቱን ከመደርደሪያ ያውርደው። ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን መልሺልኝ፤ «አለሁ» ብለሽ አንዲት ቃል ብትጽፊ ይበቃኛል።

አሰለፈች

*

አቴና፣ ጥር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም። የሺሃረግ ከሆንሽ፣ እህቴ፣ አንቺ አንብቢው። ሳሙኤል ከሆንክ ለእህቴ ውሰድላት።

መልስ ስጠብቅ ቆይቼ ትናንት ቦንጋ ስልክ ቤት ደወልኩ። ስንት ጊዜ ተቆርጦ በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሣች። «መምህርት ዕፀገነትን በመልእክተኛ ጥሩልኝ፣ ከውጭ አገር ነው» አልኳት። «የቷ ዕፀገነት? ያቺ ዘፋኟ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እሷማ ቅዳሜ ዕለት ተጠልፋ…» ስትል መስመሩ ጠፋ።

እስኪመሽ ደወልኩ። አልገባም። ዛሬም አልገባም።

ከዚያ ቃል በኋላ ምን ልትለኝ ነበር? ገኒ፣ አንቺ ራስሽ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ያለሽበት ቤት የማን ቤት ነው? ማናቸውም ነገር ቢደርስብሽ በእኔ ዓይን ያው ገኒ ነሽ። እኔ ደካ ሳለሁ እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም።

አሰለፈች

*

ቦንጋ፣ የካቲት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

አለሁ።

በመጀመሪያ እሷን እንድጽፍ ስላዘዙኝ ነው። እናቴም አለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ ካጠገቤ አልሄድ ብላለች። ሰላምታዬ እንባ የበዛበት ነውና ይቅርታ።

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ደርሶኝ ነበር። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጓጉንቸሩንም በሩ ላይ አድርጌዋለሁ። ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ አስመዘገብኩ። ግን በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 22 ቅዳሜ፣ እናቴ ገበያ በወጣችበት፣ በላይነሽ መጣች። በላይነሽ ከእኔ ጋር በመዘምራን ቡድን የምትቆም ናት፤ ከልጅነታችን አብረን ነን። «ካሴትሽን የሰሙ ሰዎች ከጅማ መጥተዋል፣ በደህና መሣሪያ ሊቀዱሽ ነው፣ ቤዝሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ» አለችኝ። አክስቴ፣ ከበሩ ስወጣ ደብዳቤዎ ትዝ አላለኝም። በደህና መሣሪያ ሊቀዱሽ ነው ስትለኝ ሌላው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ጓጉንቸሩን ቆልፌ ቁልፉን ለእናቴ በለመድነው ቦታ ትቼ ወጣሁ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሁለት ሰዎች ያዙኝ። ጮህኩ። ገበያተኛ እያየ ነበር። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄ» አለች፣ ሌላው ደግሞ «ተዪያት፣ ራሷ ነች የጠራችው» ሲል ሰማሁት። በላይነሽ አፏን ይዛ ቆማለች። ቤዙን ከእኔ ጋር መኪናው ውስጥ አስገቡት፤ አቶ ጣሰው «በቀስታ፣ እንዳይጎዳ» እያሉ። ከፊት ተቀምጠው ነበር። ካሴቱን ከፈቱ።

ወደ ቢታ ገነት አቅጣጫ ብዙ ከሄድን በኋላ ጫካው መሐል የእንጨት ድልድይ አለ። ሾፌሩ እንጨቶቹን ሊያይ ወረደ። አንደኛው ሰውም ሊያግዘው ወረደ። ያን ጊዜ የእርስዎ ነገር መጣልኝ፤ እግርሽን አታማክሪው ያሉት። አጠገቤ የቀረው ሰው ሲጋራ ሲለኩስ በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ቤዙን ትቼው።

ጫካው ውስጥ ጉም ነበር። ከገደሉ ወርጄ አንድ የወደቀ ግንድ ሥር ገባሁ። ሰዎቹ እየተጣሩ ወዲያ ወዲህ ይሮጡ ነበር፤ እነሱን ብዙ አልፈራሁም፣ የት እንዳሉ ይሰማኛል። ቆይቶ ጸጥ አለ። ከዚያ አቶ ጣሰው ሲዘፍኑ ሰማሁ።

«ነይ በጉም፣ ነይ በዝግታ…»

ቀስ እያሉ ነው የሚራመዱት። በግጥሙ መሐል፣ ቤዙ ብቻውን በሚሄድበት ቦታ፣ ያንን ቤዝ በአፋቸው ያጉረመርሙት ነበር። አንድ ድምፅ እንኳ አልሳቱም። ሳሙኤል ራሱ ያን ያህል አያውቀውም። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ አክስቴ። እሱ ነው ያስፈራኝ። የኮፍያቸውን ጠርዝ እስካይ ድረስ ቀረቡ። ትንፋሼን ይዤ መሬቱን ነከስኩ። ቅጠሉ እርጥብ ስለነበር ኮቴያቸው አይሰማም። አልፈውኝ ሲሄዱ ያወቅሁት ዘፈኑ እየራቀ ሲሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ በምን እንደሄድኩ አላውቅም። አቶ ወልደሥላሴ የሚባሉ ገበሬና ሚስታቸው ወለተሥላሴ አገኙኝ። አማርኛ ብዙ አይሉም፣ የእኔ ካፊኖኖ ደግሞ የከተማ ልጅ ስብርባሪ ነው። ግን ወለተሥላሴ እግሬን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። የማር ቀፎ ከሚያስቀምጡበት ጓዳ አስገቡኝ። ሰዎቹ መጥተው ደጅ ላይ ሲጠይቁ ወለተሥላሴ በካፊኖኖ መለሱላቸው፤ እየሳቁ ነበር የመለሱት። በነጋታው ባልና ሚስቱ መሐል አድርገውኝ በእግር መንገድ እስከ ፖሊስ ጣቢያ አደረሱኝ።

አቶ ጣሰው ተይዘዋል። ምንም አልደረሰብኝም። ይህን ግን ማንም አያምነኝም። ሽማግሌዎች በድጋሚ መጥተው «አሁንማ ስምሽ ተነሥቷል፤ ብታገቢው ለሁላችሁም ይበጃል» አሉ። እናቴ፣ በሽማግሌ ፊት ድምፅ አውጥታ የማታውቀዋ እናቴ፣ «ውጡልኝ» አለች።

ቤዙ ለማስረጃ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጧል። አክስቴ፣ ክር አልፈልግም። ጓጉንቸርም አልፈልግም። እርስዎ ወዳሉበት የሚያመጣ መንገድ ካለ እሱን ይላኩልኝ።

ዕፀገነት

*

አቴና፣ መጋቢት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ገኒዬ፣ ዓይኔ፣

«አለሁ» የሚለውን ለኪሪያ ኤሌኒ በአማርኛ አነበብኩላቸው። አልገባቸውም፣ ግን እጄን ያዙ። ተንበርክኬ አመስግኛለሁ። ወለተሥላሴን ሳላያቸው አልሙት። እናትሽን ደግሞ ንገሪያት፣ ያቺ «ውጡልኝ» ስለ እኔም ነው የተባለችው።

መንገድ ጠይቀሻል። አለ። የኪሪያ ኤሌኒ የወንድም ልጅ የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ወረቀቱን እንጀምረው ብላኛለች። የማልዋሽሽ ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ ማታ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። የሰው ቤት ነው፤ ጎረቤት በግድግዳው ይሰማል፣ እመቤት ትቆጣለች። እኔ ድሮ እዘፍን እንደነበር ታውቂያለሽ? አታውቂም። ማንም አያውቅም። ነይ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ስትወስኚ ንገሪኝ፤ ወረቀቱን እኔ አስጀምራለሁ።

ፍርድ ቤት ስትቀርቢ ካሴቱን ያነሡብሻል። ሳሙኤል «እንቅልፍ» የሚለውን ስም ግጥሙ ውስጥ አስገብቶ እንደገና ይቅዳው። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል?

እዚያ ብትሆኚም እዚህ፣ ጸሎቴ ካንቺ አይርቅም።

አሰለፈች

*

ቦንጋ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ አሰለፈች፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ዝምታዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣዎት አውቃለሁ። እየጻፍኩ እቀድ ነበር። አሁን ነገሩ መልክ ስለያዘ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

ፍርድ ቤት በግንቦት ቀረብን። እርስዎ እንዳሉት የአቶ ጣሰው ጠበቃ ካሴቱን አመጣ። ቴፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለዳኛው ዘፈኑን ከፈተው። ሰው ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «በሬ አይዘጋም ዛሬ ማታ» ስል ሰማሁ። አንዳንዱ ጉሮሮውን ያጸዳል፣ አንዳንዱ ይስቃል። አቶ ጣሰው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ ሁለታችን አብረን ቁጭ ብለን የምናዳምጥ ነበር የሚመስለው። ቤዙ ሲገባ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጠበቃው «ይህች ልጅ ወንድ እየጠራች አይደለም?» አለ።

ዳኛው «እሷን እንጠይቃት። ማንን ነው ና የምትይው?» አሉኝ።

«እንቅልፍን» አልኩ። ችሎቱ ሳቀ። 

እናቴ ከኋላ ተነሣች። ማንም አልጠራትም። ፖሊሱ «ተቀመጪ» አላት፣ አልሰማችውም። «ጌታዬ፣ ለእኔ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ አልተኛም። ልጄ ይህን ስትዘፍንልኝ ነበር የማሸልበው። እኚህ ሰውዬ ከመጡ ወዲህ እሱንም ወሰዱብኝ። ይኸው ዓይኔን ይዩት» አለች። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ዳኛው ቴፑን እንዲያጠፉት አዘዙ። «ቢጠራም ባይጠራም፣ ዘፈን ሰውን በጉልበት መኪና ላይ የመጫን ፈቃድ አይደለም» ብለው ሌላውን ምስክር አስገቡ።

በላይነሽም መሰከረች። እያለቀሰች «የምትፈልጋቸው መስሎኝ ነው፤ ዘፈኑ እንደሱ ስለሚል። ታፍራለች፣ አግዢን አሉኝ» አለች። እስካሁን አላናገርኳትም። ማናገር እንዳለብኝም አላውቅም።

ተፈርዶባቸዋል። ይግባኝ ብለዋል። በአዲስ ዓመት ይወጣሉ የሚል ወሬ አለ፤ አይወጡም የሚልም አለ። እኔ አሁንም መኪና ሲቆም ከመንገዱ እወርዳለሁ። ጉም ባለበት ጠዋት ብቻዬን አልሄድም፤ ሌላዋ አስተማሪ መጥታ ትወስደኛለች። እናቴ አንዳንድ ቀን ትንሽ ትተኛለች፣ አንዳንድ ቀን አትተኛም።

ስሙን ግጥሙ ውስጥ አስገቢው ያሉኝን አስቤበታለሁ። ሳሙኤልም ለምኖኝ ነበር። አላስገባሁትም። ካስገባሁት ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ለችሎት የሰጠሁት ቃል ይሆናል። እናቴ እንኳ አልፈለገችም፤ «ስሙን ከጠራሽው ደንግጦ ይሄድብኛል» አለችኝ።

ቤዙን ከፖሊስ ጣቢያ ፈርሜ ወሰድኩ። አንገቱ ላይ ቁጥር በቀለም ጽፈውበታል። ለሳምንት አልጋ ሥር ነበር። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ሰኔ 30 በትምህርት ቤት መዝጊያ ለወላጆች አንድ ነገር እንድጫወት ጠየቁኝ። «ከፈራሽ ተዪው» አሉኝ። እፈራለሁ፣ ግን እሺ አልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ጀነሬተር አስነሡልን። ሳሙኤል ኪቦርዱ ላይ ነበር። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።  «ና በጉም» ብዬ ሁለተኛውን ስንኝ ስጀምር የአዳራሹ በር ተከፈተና አንድ ሰው ገባ። ካፖርቱ ከዝናቡ የተነሣ ይንጠባጠባል። አላውቀውም። የማን ወላጅ እንደሆነ፣ ወይ ከመንገድ ሙዚቃ ሰምቶ የገባ መንገደኛ እንደሆነ አላውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ቆሞ ይሰማኛል። እጄ ቆመ። ድምፄም ቆመ። ጀነሬተሩ ብቻ ይሰማል። ሳሙኤል ወደ እኔ ያያል፣ ሰዉ ዞሮ ሰውየውን ያያል፤ ሰውየው ምን እንዳጠፋ ስላልገባው ወደ ኋላው ወደ በሩ ያያል።

አክስቴ፣ ወረቀቱን ገና አያስጀምሩት። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ያን ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከኋላ ረድፍ ባዶ ወንበር ነበር፤ «ይቀመጡ» አልኩት። ተቀመጠ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ልጅዎ ዕፀገነት